የሁዳዴው ሙከራ

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ አርባ ምንጭ ሴቻ፣ አክስቴ ቤት፣ የተነሳው ክርክር ስለ እኔ መሄድ አልነበረም፤ ስለ ዳጣው ነበር። እናቴ ከገረሴ ይዛ የወረደችውን የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላ ቅዳጅ ጠቅልላ በእጅ በምይዘው ቦርሳ ካልከተትኩ ትላለች። አክስቴ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ፈሳሽ አይፈቀድም፣ ይቀሟታል ትላለች። "ዳጣ ምኑ ነው ፈሳሹ?" አለችና እናቴ ጠርሙሱን ከፍታ ዘቀዘቀችው። እውነትም ጠብ አላለም። የእናቴ ዳጣ እንደዚያ ነው። በመጨረሻ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቡላው አጠገብ ተኛ። ሻንጣው ሲዘጋ ዳጣው ብቻውን እንደማይሄድ ያኔ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ሻንጣውን ማየት ጀመሩ።

መጀመሪያ የተናገረው አጎቴ ነው። "ሰው ለዕውቀት አገር ይለቃል፣ ለእንጀራ አገር ይለቃል። ይቺ ልጅ ግን ለጉንፋን ብላ ጀርመን ልትሄድ ነው" አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ገረሴ ጉም የማይለያት ደጋ ናት፤ ጉንፋን እዚያ እንደ ጎረቤት ደጋግሞ የሚመጣ ነው፣ በጤና አዳምና በዝንጅብል ይሸኛል። እኔ የማጠናው ተራውን ጉንፋን ሳይሆን ኢንፍሉዌንዛን፣ ያውም ቫይረሱ ወደ ሰው ህዋስ እንዴት እንደሚገባ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። አጎቴ በትዕግሥት ሰማኝና "እንዴት እንደሚወጣ ብታጠኚ አይሻልም?" አለኝ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ሲነጋ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችኝ፤ አውቶቡሱ ሲነቃነቅ እጇን አላወዛወዘችም፣ ነጠላዋን ግጥም አድርጋ ይዛ ቆማ ቀረች።

ስለ እሷ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እናቴ የእንቁላልና የዶሮ ነጋዴ ናት፤ ከገረሴ ገበያ ትሰበስባለች፣ ወደ ሲቀላ ገበያ አውርዳ ትሸጣለች። እኔ ተምሬ አርባ ምንጭ ላይ በቤተ ሙከራ ሥራ የተቀጠርኩት በዚያ እንቁላል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም። ጀርመንም ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው።

የደረስኩት በሰሜን ጀርመን ያለች፣ ሰማይዋ ዝቅ ያለ ከተማ ነው። መጀመሪያ የወሰዱኝ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ነበር። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ በጣም ጨዋ ነው፤ በእነሱም ቋንቋ እኛ እንደምንለው "እርስዎ" የሚባል አለ፣ ሲከለክሉህም በሱ ነው። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

"የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ላጠና ነው" አልኩት።

ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "ይዘውት ነው የመጡት?"

"አይደለም። እሱ እዚሁ ከእናንተ ጋር ነው ያለው። እኔ ነኝ ወደሱ የመጣሁት።"

ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቅ። የመኖሪያ ፈቃዴ ግን ሥራው እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ሆኖ ወጣ። ሥራው ደግሞ መጀመሪያ ፕሮበጻይት የሚሉት የሙከራ ጊዜ አለው፤ የቀጠረኝ ፕሮፌሰር በሙከራው መጨረሻ ትቆይ ካለ እቆያለሁ፣ ዶክትሬቴን እቀጥላለሁ። አትቆይ ካለ ሻንጣ ነው። ሌላ በር አልነበረኝም።

አከራዬም ጨዋ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ሃይማኖታቸው ሉፍተን የሚባል ነገር ነው። ክረምት ነው፣ ውጭ ውሃ ድንጋይ ሆኗል፣ ቤቱን እንደምንም አሙቄ እግሬን ስሰበስብ እሳቸው በር አንኳኩተው ይገቡና መስኮቱን በረገድ አድርገው ይከፍቱታል። አየር መለወጥ አለበት፣ ግድግዳው ይሻግታል ይላሉ። ገረሴ ጉሙ እንዳይገባ በር እንዘጋለን፤ እዚህ ብርዱ እንዲገባ መስኮት ይከፈታል። አንድ ቀን ኮቴን ደርቤ ስቀመጥ አይተው አዘኑልኝ፣ "ለእናንተ ለአፍሪካ ሰዎች ብርድ አዲስ ነገር ስለሆነ ነው" አሉኝ። እኔ ያደግሁት ጥር ሲገባ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚያድርበት አገር እንደሆነ ብነግራቸው አላመኑኝም። "አፍሪካ ውስጥ?" አሉ። "አፍሪካ ውስጥ። ብርዱን ግን በፈቃዳችን ቤት አናስገባውም" አልኳቸው።

ምግቡንስ አታንሱት። ሱቁ ሙዝ ሞልቷል፤ ቆንጆ፣ እኩል የተሰለፈ፣ ምንም ጣዕም የሌለው። አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ መንገድ ዳር ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን፣ ገና ሳትልጡት የሚሸተውን ሙዝ የምትገዙ ሰዎች፣ ምን እንዳላችሁ አታውቁም። ኩርኩፋ ሲያምረኝ የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ በጎመን ሠራሁት፤ የሽፈራው ቅጠል ከየት ይመጣል? ዳጣው ግን ሁሉንም አዳነው። ሻንጣ ውስጥ ጠብ ሳይል ደረሰ።

ቤተ ሙከራው ስደርስ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ክፍሉ እንቁላል በእንቁላል ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሚራባባቸው መንገዶች አንዱ ጽንስ የያዘ የዶሮ እንቁላል ነው፤ ቫይረሱን በመርፌ ይወጉበታል፣ ሙቀት ውስጥ ያቆዩታል፣ ከዚያ ፈሳሹን ይቀዳሉ። የእንቁላሉ ክፍል ኃላፊ ኡልሪከ የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ባለሙያ ናት። እንቁላሎቹን ከማሞቂያው ሳጥን አውጥቼ የሞተ ካለ እንድለይ ነገረችኝና ወጣች። በመብራት እያየሽ ማለቷ ነበር። ሳትነግረኝ የቀረችው የዚያ ሥራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለመሰላት ነው።

እኔ ደግሞ እንቁላል መለየት ማንም እንዲያስተምረኝ አያስፈልገኝም። አንዱን አነሳሁ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፣ ነቅነቅ ነቅነቅ። ገረሴ ገበያ እንቁላል ሳይነቀነቅ አይገዛም፤ ውስጡ ከተንቦጫረቀ ተበላሽቷል፣ ዝም ካለ ደህና ነው። እያንዳንዱን እየነቀነቅሁ፣ እያዳመጥሁ፣ በደስታ ደረደርኳቸው። ኡልሪከ ስትመለስ በር ላይ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም። መጥታ እንቁላሉን ከእጄ ወሰደች፣ መብራቱ ላይ አኖረችው፣ ወደ ውስጥ እንዳይ ጠራችኝ። እንደ ቀይ ክር የተዘረጉት የደም ሥሮች ተበጣጥሰው ነበር። የነቀነቅኋቸው በሙሉ አልቀዋል።

ከዚያ በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ "ነቅናቂዋ" ሆኜ ቀረሁ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን ቅጽል ስም አንዴ ከተሰፋ አይተረተርም። ለእናቴ በስልክ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያ "ታዲያ ሳይነቀንቁ ነው የሚገዙት? ይሞኛሉ" አለች።

አሁን የምሠራውን ልንገራችሁ፤ እንኳን እናንተ አጎቴም ገብቶታል። የነገርኩት በጋሞኛ ነው። ህዋስ ለሚለው የተመቸ ቃል አጥቼ "ትንሿ ቤት" አልኩት። ቫይረሱ ላዩ ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን እንደ እሾህ ተተክለውበታል። አንዱ ሄማግሉቲኒን ይባላል፣ የሚይዘው እሱ ነው። በጉሮሯችንና በሳንባችን ያሉት ትንንሽ ቤቶች ከግድግዳቸው ላይ ጫፉ ስኳር የሆነ ዘለላ አንጠልጥለዋል፤ የስኳሩ ስም ሳያሊክ አሲድ ነው። ሄማግሉቲኒን ያንን ስኳር ያገኝና ሙጭጭ ይላል። በብርድ ከሆነ በዚያው ተጣብቆ ይቀራል፣ አይገባም። ሙቀት ሲያገኝ ቤቲቱ ራሷ ግድግዳዋን አጉድጉዳ በከረጢት አድርጋ ትውጠዋለች።

እዚህ ላይ አጎቴ አቋረጠኝ። "ራሷ ነው የምትውጠው? ሞኝ ናት።" ሞኝ አይደለችም፣ ምግቧንም በዚያው መንገድ ነው የምታስገባው አልኩት። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ከረጢቱ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ ኮጮ እንደሚቦካበት ጉድጓድ በሉት። ኮምጣጣው ሄማግሉቲኒንን ሲነካው ታጥፎ የቆየው ፕሮቲን እንደ ወጥመድ ይፈናጠራል። ጫፉን የከረጢቱ ሽፋን ላይ ይሰካል፣ መልሶ ይታጠፋል፣ የቫይረሱን ሽፋንና የከረጢቱን ሽፋን ስቦ ያገናኛል። ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ቀዳዳ ይከፈታል፣ የቫይረሱ ዘር ይገባል። ሁለተኛው ፕሮቲን፣ ኒውራሚኒዴዝ፣ ሥራው መውጫው ላይ ነው፤ አዲሶቹ ቫይረሶች በዚያው ስኳር ተይዘው እንዳይቀሩ ስኳሩን ይቆርጥላቸዋል። አጎቴ "መውጫውንም አጥንተሻል ማለት ነው" ብሎ ረካ።

የእኔ ድርሻ አንዲት ጥያቄ ነበረች። የተሰጠኝ ዓይነት ቫይረስ ሄማግሉቲኒኑ የሚፈናጠረው ምን ያህል ሲኮመጥጥ ነው? ይህን የምናየው በዶሮ ቀይ የደም ህዋስ ነው። ቫይረሱን በበረዶ ላይ ከደሙ ህዋስ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ይጣበቃል። ከዚያ የተለያየ መኮምጠጥ ያለው ውሃ ጨምራችሁ ታሞቁታላችሁ። ፕሮቲኑ ከተፈናጠረ የደሙ ህዋስ ሽፋን ይበሳል፣ ቀዩ ይፈሳል። ብልቃጡን በማሽን አሽከርክራችሁ ስታወጡት ከላይ ያለው ውሃ ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ካልተፈናጠረ ውሃው እንደነበረ ጥርት ብሎ፣ ህዋሶቹ ከታች ተቀምጠው ነው።

ሥራው የደራው ሁዳዴ ሲገባ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እናቴም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ እንቁላል ስሰብርና የዶሮ ደም ስቀዳ መዋሌ ከነከናትና የሰፈሯን ቄስ ጠየቀቻቸው። ሥራ ነው፣ አፏ እስካልገባ ድረስ አያስገድፍም አሏት። እዚህ ደግሞ ቀትር ሲሆን ሕንጻው በሙሉ ብድግ ይላል፤ "ማልዛይት፣ ማልዛይት" ይባባላሉ፣ መልካም ምሳ እንደማለት ነው፣ ሳታውቁት ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ኡልሪከ የዚያን ሰዓት ነገር በቀልድም አታሳልፍም። እኔ ብቻዬን ከብልቃጦቼ ጋር እቀራለሁ።

ውጤቴ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በደንብ የኮመጠጠው ውሃ ውስጥ ያሉት ቀሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን ለስለስ ያለው፣ እምብዛም ያልኮመጠጠው ውስጥ ያሉትም ቀሉ። ደገምኩት፣ ቀላ። ይህ ማለት ቫይረሱ ከታሰበው ቀድሞ፣ ገና ከረጢቱ ሳይኮመጥጥ በሩን ሊከፍት ይችላል ማለት ነው። ትልቅ ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ ኡልሪከ እንድትደግመው አዘዘ። የኡልሪከ ብልቃጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ።

ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ውሳኔውን መጻፍ ነበረበት። ቀይ የደም ህዋስ ሲናወጥም ይፈነዳል፤ ቫይረስ ባይኖርም ይቀላል። መነጽሩን አወለቀና በቀስታ ጠየቀኝ።

"ምህረት፣ ብልቃጦቹን ነቅንቀሻቸዋል?"

ፊቴ ነደደ። ሰው አገሬን ቢንቅ እመልስለታለሁ፣ ብርድ አታውቂም ቢለኝ እስቃለሁ። እጄን ግን ተጠራጠረብኝ። አልነቀነቅሁም አልኩት። አላመነኝም፤ አለማመኑንም በጨዋ ደንብ ነው የገለጸልኝ። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከንዴት ብዛት። ገረሴ ስመለስ የምለውን ሁሉ በሐሳቤ አዘጋጀሁ፤ አጎቴ የሚለውንም ጭምር።

በማግሥቱ ኡልሪከ ሙከራውን እንደገና ስትሠራ፣ ሥራዬን ትቼ እሷን ብቻ ስመለከት አረፈድሁ። እጇ ንጹሕ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ብልቃጦቹን ሙቀት ውስጥ አስገባች። የሥራው መመሪያ በሙቀት "ቢያንስ" ይህን ያህል ይቆይ ይላል፤ ልክ ያ ጊዜ ሲሞላ ቀትር ሆነ፣ ኡልሪከ ብልቃጦቹን አውጥታ በረዶ ላይ ሰካች፣ "ማልዛይት" አለችኝና ወጣች። በረዶ ላይ ሲሆን ሁሉም ነገር ይቆማል። እኔስ? እኔ ምሳ የለኝም። እነሱ በልተው እስኪመለሱ የእኔ ብልቃጦች ሙቀት ውስጥ ናቸው፤ እኔ ሌላ ሥራ እየሠራሁ። "ቢያንስ" የሚለውን ሁለታችንም አልጣስንም። እሷ እስከ ምሳ ነው የጠበቀችው፣ እኔ ምሳው እስኪያልቅ።

ሮጬ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ነገ እሱና ኡልሪከ ምሳ እንዳይበሉ ጠየቅሁት። ቀልድ መስሎት ነበር። ምክንያቴን ስነግረው ያለውን ጥርጣሬ ተናገረ፤ ብዙ ከቆየ የደሙ ህዋስ በራሱም ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። "ቫይረስ የሌለበት ብልቃጥ አብረን እናስገባለን፤ እሱም ከቀላ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ" አልኩት። ሌላም ጨመርኩ፦ ሁሉንም የምትሠራው ኡልሪከ ናት፣ እኔ እጄን አላስገባም።

በማግሥቱ ሦስታችን ተሰበሰብን። እኔ እጄን የጋወኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ኡልሪከ ቀዳች፣ ለካች፣ ለስላሳውን ኮምጣጣ ጨመረች፣ አስገባች። ቀትር ሲሆን ሕንጻው ማልዛይት አለ። ከፊሎቹን ብልቃጦች አውጥታ አሽከረከረች፤ ሁሉም ጥርት። ፕሮፌሰሩ አየኝ፣ እኔ አላየሁትም። የቀሩትን ተወቻቸው፣ ጠበቅን። በኮሪደሩ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ መጣ። የፕሮፌሰሩ ሆድ ጮኸ፣ ይቅርታ ጠየቀ። የሁዳዴን ርሃብ ለለመደ ሰው ያ ሰዓት ምንም አይደለም፤ ለእነሱ ግን ምጥ ነበር፣ ኡልሪከ ሰዓቱን ማየት ትታ ጀርባዋን ሰጠችው። በልቤ ስጸልይ ነበር፤ ስለ ሳይንስ እንዲህ ይጸለያል አይጸለይ አላውቅም።

ሰዎቹ ከምሳ መመለስ ሲጀምሩ ኡልሪከ የቀሩትን አወጣች። ማሽኑ ዞሮ ቆመ። መጀመሪያ ቫይረስ የሌለበትን አነሳች፤ ጥርት ያለ ነው። ቀጥላ ቫይረሱ ያለበትን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ቀይ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ከእጇ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ስለዚህ ይከፈታል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይከፈታል" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስለ ጥያቄው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በሰው ፊት፣ ኡልሪከ እየሰማች። ትቆያለሽ አለኝ። የምግብ ቤቱ በር ተዘግቶ ስለነበር ሁለቱም ከመሳቢያ ያገኙትን ብስኩት በሉ፤ ለእኔም ዘረጉልኝና ኡልሪከ እንደምጾም ወዲያው አስታውሳ መለሰችው። ነቅናቂዋ የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ ከማንም አልሰማሁም። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፤ ዲግሪዬን የተቀበልኩ ዕለት እንኳን።

ቤት ስገባ አከራዬ የከፈቱትን መስኮት እንኳ ሳልዘጋ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም በጋሞኛ ነገርኳት፣ ከቀዩ ብልቃጥ እስከ ይቅርታው። ጎሽ አለች፣ ጎሽ የኔ ልጅ አለች፣ ለአክስቴም ለአጎቴም እንደምትነግር፣ ገበያ ላይም እንደምታወራ አለች። ከዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደምቆይ ጠየቀችኝ። ቢያንስ ሦስት ዓመት አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እማዬ፣ አለሽ?"

"አለሁ" አለች። "ልጄ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ ጾሙን ሙሉ የሰገድኩት እንዲመልሱሽ ነበር" አለችኝ።

ልስቅ ጀምሬ ተውኩት። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

"አዘንሽብኝ?" አለች።

"አላዘንኩም።"

"ኮርቻለሁ። አገር ይስማ፣ ኮርቻለሁ። ስግደቱን ግን አላቆምም።"

እኔም አቁሚ አላልኳትም።